የጎራዳው ጩቤ ምስክር

በማንደፍሮ ጠረጴዛ ላይ እውነተኛ ጩቤ ሲቀመጥ፣ በዚያ ጩቤ የሞተው ሰው በሩን ከፍቶ ይገባና አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የማያውቅ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የለም። የድሮ ወታደር ጩቤ የሚገዛም የሚሸጥም አስቀድሞ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ሱቁ ጎራ ይላል። ማንደፍሮ ጩቤውን ከአፎቱ ያወጣል፤ ጫፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሻይ ይቀዳል። ሻዩ ሳይበርድ ሰው ከመጣ ጩቤው እንደተባለው ነው። ሻዩ ከበረደ ጩቤው ወይ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ ወይ ዕድሜውን ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፍ የኖረ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ማጉያ መነጽርና ሞረድ አለው።

የሚመጡት ሰዎች ጨዋ ናቸው። አቧራቸውን በር ላይ አራግፈው ይገባሉ። ሻይ ሲሰጣቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይይዙታል፤ አይጠጡትም። ሙታን አይጠጡም። ብርጭቆውን የሚይዙት ለሙቀቱ ነው። ማንደፍሮ ሁሉንም አንቱ ይላቸዋል። ብዙዎቹ የልጅ ልጁ የሚሆኑ ለጋ ወጣቶች ናቸው፤ ግን ሰው ከዚያ ያህል መንገድ መጥቶ አንተ አይባልም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ በቅሎ ጫኝ መጥቶ ነበር።

«ይሄ ነው?» አለው ማንደፍሮ።

በቅሎ ጫኙ ጎንበስ ብሎ አየው። «ስለቱ ነው። እጀታውን ግን አላውቀውም።»

«ያኔ ምን ነበር?»

«ጥቁር እንጨት። ይሄ የበሬ ቀንድ ነው። ማን ለወጠው?»

«ሐረር ያለ ሰው።»

«እጁ ይባረክ። እኔን ሲወጋኝ እንዲህ አያምርም ነበር።»

ማንደፍሮ «ስለቱ የጥንት፣ እጀታው የተለወጠ» ብሎ ፈረደ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከምኩዎት» አለው። በቅሎ ጫኙም «ምን ድካም አለው፣ እግሬን ፈታሁበት» ብሎ፣ ጩቤው ወደ አፎቱ ሲመለስ ተነስቶ ሄደ። የተወውን ሻይ ማንደፍሮ ጠጣው። ተርቦ ያደገ ሰው ሻይ አይደፋም።

የድሬዳዋ ጩቤ በነጋዴዎች ዘንድ ስሙ ክፉ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሰብሳቢዎች «የድሬ ጎራዳ» ይሉታል። ጣልያን ጥሎት የሄደው ጩቤ ሁሉ፣ መጋዘን ጠባቂ ቢይዘው የተሸካሚዎች አለቃ ቢይዘው፣ በመጨረሻ ወደ አንድ ሰው እጅ ስለገባ ነው። ሰውየው እንግዳወርቅ ይባል ነበር። ቀን በምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ይሞርዳል፤ ከሥራ ሲወጣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ለሰፈሩ ስለት ይስላል። ጩቤ ለማሳል ወደ እሱ የሄደ ሰው፣ ጩቤው አንድ ጣት ያህል አጥሮ ይመለስለታል።

«ጫፉ የት ሄደ?» ይላል ባለቤቱ።

«ተቃጥሎ ነበር። ብረቱ ሞቷል፤ ቆረጥኩት።»

«ማን ቁረጥ አለህ?»

«ስለቱን ሞክረው እስቲ።»

ባለቤቱ የክንዱን ጸጉር ይሞክርበታል። እንደ ምላጭ ነው። ተሳድቦ ይሄዳል፤ በዓመቱ ለመሳል እዚያው ይመለሳል። እንግዳወርቅ አንዴ የቆረጠውን ደግሞ አይቆርጥም። በከተማው ከእሱ በላይ የሚስል አልነበረም፤ ሰው ደግሞ ከማይቆርጥ ረጅም የሚቆርጥ አጭር ይመርጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ በድሬዳዋ ሙሉ ጩቤ ጠፋ። እንግዳወርቅ ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው። በየዕቃ ቤቱ ስሙ ሲነሳ ግን «አበላሹ» ይባላል።

ማንደፍሮ አበላሹ ብሎት አያውቅም። ለምን እንደሆነም ለማንም አልተናገረም። ቀድሞውንም ብዙ አይናገርም።

አቶ ሙሉሸዋ የሚባል ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ የመጣው በዚህ ዓመት ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጩቤ የሚደረድር፣ ንጹሕ መሐረብ የሚይዝ፣ ሰው የሚያከብር ሰው ነው። በዓለም ላይ የሚፈራው ነገር አንድ ነው፤ ውሸት ዕቃ መግዛት። ጎራዳዎቹን ሲያይ አዘነ። የተቆረጡት ጫፎች እንግዳወርቅ ቤት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅመው እንዳሉ ሲሰማ ደግሞ ደስ አለው። የእንግዳወርቅን ልጅ ትርንጎን ለምኖ አንዱን ጫፍ ለናሙና ወሰደ፤ የሚገጥመውን ጎራዳ ፈልጎ አገኘ፤ በያጅ ዘንድ አስበየደው፤ መጋጠሚያውን አስሞረደ። ከዚያ ለማስመርመር ወደ ማንደፍሮ ይዞት መጣ።

ጩቤው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሻይ ተቀዳ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ገባ፤ አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ፤ በግራ ቅንድቡ መሐል ጸጉር የለም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ፤ አልጠጣም።

«ይሄ ነው?»

«ነው።»

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው። ጫፉም እሱ ነው» አለ ልጁ፣ ደረቱን እየዳሰሰ።

ሙሉሸዋ አጨበጨበ። ማንደፍሮ የልጁን ቅንድብ ያይ ነበር። ያንን ቅንድብ ያውቀዋል። የአብዱረዛቅ ነው። አብዱረዛቅ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ከዚራ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ያለው፣ በወጣትነቱ ተወግቶ የዳነ ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ለማንደፍሮ ሱሪ ሊሰፋለት ለክቶት ነበር።

ማንደፍሮ ሱቁን ቆልፎ ሄደ። በፎቶ ቤቱና በጫማ ሻጩ መካከል የነበረው በር የለም። ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም አሮጌ ነው።

«ልብስ ሰፊው የት ሄደ?» አለው ፎቶ አንሺውን።

«የቱ ልብስ ሰፊ?»

«አብዱረዛቅ።»

«አቦ ማንዴ፣ ፀሐይ መትቶሃል መሰለኝ። ና ጥላ ግባ።»

ቤቱ ሲመለስ ለሱሪ የሰጠው ጨርቅ ወንበሩ ላይ ነበር። ብትን ጨርቅ፤ መቀስ አልነካውም። ማንደፍሮ ጨርቁን አጠገቡ ተቀምጦ ሲያየው አመሸ። በማግስቱ ለሙሉሸዋ ነገረው።

«አዝናለሁ ጋሼ» አለ ሙሉሸዋ፣ ከልቡ። «ግን ያልነበረ ሰው እንዴት ይጎድላል?»

ሙሉሸዋም በሚቀጥለው ወር ሌላ ጎራዳ ይዞ፣ ትርንጎን ከነቆርቆሮዋ አስከትሎ መጣ።

ረፋዱ ላይ ነው የገቡት። ከውጭ ባጃጅ ይጮሃል። ትርንጎ በምድር ባቡር ስልክ ቤት ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ድምጿ አሁንም ሩቅ ጣቢያ እንደሚጠራ ሰው ከፍ ያለ ሴት ናት። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳም አጠገቡ አኖረች።

«ቁርስ አልበላሁም» አለች። «እንግዲህ ምርመራችሁ ከረዘመ እበላለሁ። አትታዘቡኝ።»

«ኧረ ይብሉ» አለ ማንደፍሮ።

ሙሉሸዋ ጩቤውን ከመሐረቡ ፈታ። የጣልያን ነው፤ ጎራዳ ነው። እጀታው ላይ የመዳብ የስልክ ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሟል። ከእጀታው በላይ ያለው መስቀለኛ ብረት አንድ ጎኑ ተቀጥቅጦ ጠፍጥፏል።

ማንደፍሮ ሽቦውን አየ። ከዚያ ተቀመጠ። ጩቤ ሲመረምር ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ስለ ልጅነቱ የሚያውቁ ሰዎች የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። እናቱ በባቡር አመጣችው፤ በባቡር ሄደች። ደቻቱ አሸዋ ላይ ተኛ። ደቻቱ ደረቅ ወንዝ ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጥሩ አልጋ ነው። አንድ ክረምት ጎርፍ መጣ። አብረውት ይተኙ ከነበሩት ልጆች ያልነቁ አሉ። ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቦታ ፈለገ። የቀረውን እሱ ብቻ ያውቃል። ከፍ ያለው ቦታ የእህል መጋዘን ነበር። ጆንያ ላይ ወጥቶ ተኛ። ዘበኛው ፋኖስ ይዞ መጣ።

«ሌባ ነህ?»

«ልተኛ ነው እንጂ ልሰርቅ አይደለም።»

እውነቱን ነበር። ዘበኛው አላመነውም። በፋኖሱ ብርሃን የታየው የመጨረሻ ነገር የመዳብ ሽቦ ነው። ከዚያ የሚያስታውሰው ሐኪሙን ነው።

«የወጋህ ሰው ጩቤው ጎራዳ ነበር» አለው ሐኪሙ። «አንድ ጣት ቢረዝም ኖሮ እኔ አላስፈልግህም ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ማንደፍሮ።

«እኔን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን?»

«እኔ እንጃ። ያሳጠረውን ሰው።»

ማንደፍሮ ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ይዞ ኖሯል። አንደኛው፣ የሚታመን ቃል ያለው ሰው መሆን ፈለገ፤ ሆነ። ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ያሳጠረውን ሰው ማመስገን ፈለገ። እንግዳወርቅን ይጠረጥር ነበር። ግን በጥርጣሬ ሰው አይመሰገንም። ጩቤው ሳይታይ፣ ጫፉ ሳይገጥም፣ ቢያመሰግን አስመስሎ የተሠራ ምስጋና ይሆናል። እንግዳወርቅ እስኪሞት ድረስ በደጁ እያለፈ እጅ ይነሳ ነበር፤ ሌላ ያለው ነገር የለም።

«ጋሼ፣ አመመዎት?» አለ ሙሉሸዋ።

«ደህና ነኝ።»

ጩቤውን አስቀመጠ፤ ጫፉን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሻይ ቀዳ። ጠበቁ። ማንም አልመጣም። በጩቤው የሞተ ሰው የለም።

«ይኸው እንግዲህ» አለ ሙሉሸዋ። «ተበላሽቷል። ሙሉውን ሆኖ ማየት ይገባናል። በያጁን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፤ እርስዎ ‹ጫፉ የራሱ ነው› ካሉኝ ዛሬውኑ አስበይደዋለሁ። ካላሉኝ አልነካውም። የባዕድ ጫፍ አልፈልግም።»

«ይገባኛል» አለ ማንደፍሮ።

በትክክል ገብቶታል። ጫፉ ከተበየደ ጩቤው እሱን በወጋበት ሌሊትም ሙሉ ይሆናል። ይህ ሱቅ ግድግዳ ይሆናል። ግድግዳውም አሮጌ ይሆናል።

ትርንጎ ቆርቆሮውን ከፈተች። ጫፎቹ እንደ ደረቅ ዓሣ ተደራርበዋል፤ አንዳንዱ ዝጓል፤ አንዳንዱ አሁንም ያበራል። «እነሆ የአባቴ ሀብት» አለች። «ልጅ ሆኜ ‹አባዬ፣ ለምን ትቆርጠዋለህ?› አልኩት። ‹ሰው ልብ ድረስ የሚደርስ ቢላ ምን ያደርግለታል? እዚያ ድረስ የሚወፍር ሽንኩርት የለም› አለኝ። ሌላ ምክንያት አልነገረኝም። ታዲያ አሁን በየሱቁ አበላሹ ይሉታል። እርስዎም ብለውታል?»

«አላልኩም።»

«ለምን?»

«ማስረጃ አልነበረኝም።»

«አቦ፣ ለስድብ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል?»

«ለምስጋናም» አለ ማንደፍሮ።

ሰውየው ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። ወደ ሳምቡሳው ተመለሰች።

ማንደፍሮ ጫፎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከጎራዳው ጋር ያጋጥም ጀመር። አንዱ ሰፊ ነው፤ አንዱ ጠባብ። የአንዱ መሐል ይጎደጉዳል። «የዚህ አይደለም» ይላል፤ ያኖረዋል። ሁሉንም «አይደለም» ሊል ይችል ነበር። ማንም አይጠይቀውም። ጣቱ ግን ዝገት ያልነካው አንድ ቀጭን ጫፍ ላይ ሲደርስ ግራ ጡቱ ሥር ያለው ጠባሳ ቀዘቀዘ። በረዶ እንደነካው ሆነ።

ሙሉሸዋ መሐረቡን ያጥፋል። ትርንጎ ታኝካለች።

ማንደፍሮ ጫፉን ከጎራዳው ጋር አጋጠመው። ስንጥቁ ጠፋ። ተለያይተው የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

በሩ ተከፈተ።

የገባው አሥራ ሰባት ዓመት ግድም የሚሆነው ልጅ ነው። ከጎማ የተሠራ በረባሶ ተጫምቷል። ጸጉሩ ላይ የጆንያ ቃጫ፣ ጆሮው ውስጥ አሸዋ አለ። ሰዎቹን ከማየቱ በፊት ሳምቡሳውን አየ።

«ተቀመጥ» አለው ማንደፍሮ። አንቱ አላለውም። ሰው ራሱን አንቱ አይልም።

ልጁ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ለመሮጥ የሚመች ቦታ ነው።

ሙሉሸዋ ጎንበስ ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እርስዎን ይመስላል።»

«መልኩ እንኳ ይሻላል» አለች ትርንጎ።

ማንደፍሮ ሻዩን ሰጠው። ልጁ ብርጭቆውን በአንድ እጁ ተቀብሎ አፉን እስኪያቃጥለው ጠጣው። ሦስቱም አዩት። ብርጭቆውን አወረደና ከሥር የቀረውን ስኳር በጣቱ ላሰ።

ትርንጎ ሳምቡሳውን ገፋችለት። በሁለት ጉርሻ ጨረሰው። ሁለተኛውን አነሳ።

«አቦ ቀስ በል፣ ማንም አይነጥቅህም!»

«ይነጥቃሉ» አለ ልጁ፣ አፉ እንደሞላ።

ማንደፍሮ ወደ ጩቤው ዞረ። ሥራው ሥራ ነው።

«ይሄ ነው?»

ልጁ ወደ ጩቤው ተጠጋ። ሽቦውን አይቶ ወደ ኋላ አለ። «ነው።»

«ሙሉ ነው?»

ልጁ ጣቱን ዘርግቶ ጎራዳውን ነካ። «ይሄ እስከዚህ ድረስ ገብቷል» አለና ሸሚዙ ላይ አሳየ። ከዚያ ጫፉን ሳይነካ ጠቆመው። «ይሄኛው ገና አልነካኝም።»

«ገና?» አለ ማንደፍሮ።

«ገና» አለ ልጁ። ሦስተኛውን ሳምቡሳ አነሳ።

ሙሉሸዋ ተነስቶ ቆመ። ፊቱ በርቷል። «ጫፉ የራሱ ነው! ምስክሩ መጣ፣ አይደል እንዴ? ጋሼ፣ ይፍረዱ።»

ማንደፍሮ ማጉያ መነጽሩን አስቀመጠ። የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። ሸሚዙን ገልጦ ለማንም አሳይቶ የማያውቀውን ጠባሳ አሳያቸው። ጎራዳውን አንስቶ በጠባሳው ትይዩ ያዘው፤ ስፋቱ ልክ ነው። ልጁ መብላቱን አቁሞ ያይ ነበር።

«ጫፉ የዚህ ጩቤ ነው» አለ ማንደፍሮ። «የቆረጠው እንግዳወርቅ ነው። በሞረድ የጨረሰበትን እጅ አውቀዋለሁ። ይህ አንደኛው ፍርዴ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሙሉሸዋ፣ እጁን ወደ ጫፉ እየሰደደ።

«ሁለተኛውን አልሰሙም። ይህ ጩቤ እንደተቆረጠ እውነተኛ ነው። ጫፉ ቢበየድበት አስመስሎ የተሠራ ይሆናል።»

ሙሉሸዋ እጁን መለሰ። አስመስሎ የተሠራ የሚለው ቃል ሲጠራ ሁልጊዜ ይገረጣል። «እንዴት ይሆናል? ምስክሩ ይኸው ተቀምጦ!»

«ምስክር አይደለም። ሻዩን ጠጥቷል።»

«ታዲያ ቢጠጣስ?»

«ሙታን አይጠጡም። ይህን ያህል ዓመት አንድ ጉንጭ የጠጣ አላየሁም። የሚበላ የሚጠጣ ሰው በዚህ ጩቤ አልሞተም። ያልሞተ ሰው ደግሞ ጩቤው ሙሉ ነበር ብሎ ሊመሰክር አይችልም። ይህ ጩቤ ሙሉ ሆኖ የገደለው ሰው የለም። ሙሉ አድርገው ሳጥንዎ ውስጥ ቢያኖሩት ያልሆነውን ነው የሚያኖሩት።»

ሙሉሸዋ ልጁን አየ። ልጁ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቱ እየጫነ ያነሳ ነበር። ክርክር የማይፈልግ ማስረጃ ነው።

«ያኛውሳ?» አለ ሙሉሸዋ ቀስ ብሎ። «ባለፈው ወር ያስበየድኩት? የዚያ ምስክር አልጠጣም ነበር።»

«ጩቤው ሲበየድ ሟቹም አብሮ ተበየደ። ውሸት ጩቤ ውሸት ሟች ያመጣል።»

«እና ሳጥኔ ውስጥ ውሸት ዕቃ አለ ማለት ነው?»

«አለ።»

«ለማመሳከር ይዤው መጥቻለሁ፤ ዛሬውኑ አስቆርጠዋለሁ» አለ ሙሉሸዋ። ግንባሩን በመሐረቡ ጠረገ። በጩቤ ምክንያት እንዲህ ሲላብ ታይቶ አይታወቅም። «እግዜር አወጣኝ። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር!»

«እኔም እንደዚያው» አለ ማንደፍሮ።

ሙሉሸዋ ጎራዳውን ጠቅልሎ፣ ሁለቱንም አመስግኖ፣ ለልጁ ሳይቀር እጅ ነስቶ ወጣ። ትርንጎ ጫፎቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰች። ቀጭኑን ጫፍ ግን በእጇ ያዘችው።

«እንግዲህ አባቴ አበላሽ አይደለም?»

«አይደለም። እሱ የነካው ነው እውነተኛው። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲሁ እላለሁ።»

ትርንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይሰማ ነበር፣ ታውቃለህ? አበላሹ ሲሉት። ደጁ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ሞረዱን አያቆምም።» አንተ እንዳለችው አላስተዋለችም።

ማንደፍሮ ተነሳ። ይህን ቃል ከሐኪሙ አልጋ ጀምሮ ተሸክሞት ኖሯል። የሚያደርስበት አድራሻ አልነበረውም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ለሳምቡሳው?»

«ለአባትሽ።»

ጠባሳውን አይታለች፤ ልጁንም አይታለች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ጫፉን መዳፉ ላይ አኖረችለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት። «እንግዲያ ይሄ እዚህ ይቀመጥ» አለች። «ቁጭ ብሎ ይረፍ።» ቆርቆሮዋን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ቀትር ሆነ። በድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ውሻውም ከግድግዳ ሥር ይገባል። ማንደፍሮ መስኮቶቹን ገርበብ አደረገ። ከበያጁ ቤት በኩል መጋዝ ብረት ሲቆርጥ ተሰማ፤ ለጥቂት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ለማሰፋት ተስፋ ሳይቆርጥ በየቀኑ ይዞት የሚመላለሰው ብትን ጨርቅ ከጠረጴዛው ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ነበር። ዞር ብሎ ሲያየው ሱሪ ሆኗል። ጠርዙ ተተኩሷል፤ ኪሱ ላይ የአብዱረዛቅ ሁለት ድርብ ስፌት አለ። ሱሪውን አንስቶ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጥሩ ሥራ ነው። አጥፎ አስቀመጠው። ወደ ማታ ሄዶ እንደሚያመሰግነው ወሰነ።

ልጁ አልሄደም። ጩቤው ከጠረጴዛው ሲነሳ እንግዶቹ ሁሉ ይሄዳሉ፤ እሱ ግን አግዳሚው ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ተኝቷል። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቧል፤ ጆንያ ላይ እንደሚተኛ ሰው። ማንደፍሮ ነጠላውን አለበሰው። አጠገቡ ባለው በርጩማ ተቀመጠ። ማንም መጥቶ «ሌባ ነህ?» እንዳይለው በሩን ቆለፈ።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ገርበብ ካሉት መስኮቶች የሚገባው ብርሃን በልጁ ደረት ላይ መስመር ሠርቷል። ማንደፍሮ መስመሩ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል አየው። ከዚያ የራሱን ትንፋሽ አዳመጠ። ልጁ ወደ ውስጥ ሲስብ የእሱ ደረት አይንቀሳቀስም። ልጁ አውጥቶ ሲጨርስ እሱ ይስባል። ሳይቀዳደሙ፣ ሳይነጣጠቁ፣ በየተራ ይተነፍሱ ነበር።

ማንደፍሮ መዳፉን ከፈተ። ጫፉ ሞቋል። የመተንፈስ ተራው እስኪደርሰው ጠበቀ።